ቪታራ ወይስ ፕራዶ? አንድ ቤተሰብ ለጅሩ ጭቃ መኪና ሲመርጥ

እህቴና ባሏ ዕቁብ ወጣላቸው። በዕቁቡ ላይ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ጨመሩበት። ገንዘቡ አንድ መኪና ይገዛል። ተሳስተው ቢገዙ ግን ሌላ የሚገዙበት የለም። ስለዚህ እኔን ጠሩኝ። 14 ዓመት በሹፌርነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የመስክ መኪና ነው የነዳሁት። ሰሜን ሸዋን ከሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ መንዝ ደጋ አውቀዋለሁ።

ጊዜው ጥቅምት 2017 ነው። ከፊታችን ሁለት መኪኖች ነበሩ። አንዱ በፈረንጅ 1997 የተሠራ ባለ አምስት በር ሱዙኪ ቪታራ ነው፤ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ማኑዋል። ሌላው የ1999 ቶዮታ ፕራዶ ነው፤ 3 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ፣ እሱም ማኑዋል። የፕራዶው ዋጋ የቪታራውን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

ሁለቱም ያረጁ ናቸው። ዋጋቸው ግን የአሮጌ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወደደው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከዚያ ወዲህ እንደ ወርቅ ነው የሚታየው። ሻጭም ደላላም ይህን ያውቃል።

መጀመሪያ ለምን መኪና እንደፈለጉ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አላቸው። እሱ የእንስሳት ሐኪም ነው። እሷ ሱቁን ትይዛለች። ደንበኞቻቸው ግን በብዛት ያሉት ደነባ፣ እነዋሪና ጁሁር ነው። የጅሩ ሰንጋ የሚደልብበት አገር ነው። እዚያ ገበሬው በሬውን እንደ ልጁ ነው የሚያየው። ሰንጋው መኖ ካቆመ ስልክ ይደወላል። ሐኪሙ በማግስቱ መድረስ አለበት።

እስከዚያ ድረስ በሚኒባስ ነበር የሚሄደው። ከከተማው ወዲያ ደግሞ በሞተር፣ ክረምት ሲገባ በእግር። የክትባት ሳጥን ተሸክሞ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። መናኸሪያ ላይ ሁለት ሰዓት ከተጠበቀ በረዶው ይሟሟል። አንድ ጊዜ ሙሉ ሳጥን ክትባት ተበላሽቶበት ደፍቶ ተመልሷል። መኪና የመግዛቱ ነገር የተቆረጠው ያን ቀን ማታ ነው።

ሌላም ምክንያት ነበር። እማዬ የምትኖረው ከእነዋሪ ወጣ ብሎ ነው። ጉልበቷን ያማታል። በወር አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን መጥታ ትታከማለች። ከቤቷ እስከ ፒስታው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የመረሬ መንገድ አለ። መረሬን የማያውቅ ሰው ጭቃን አያውቅም። ጥቁር ነው፣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እግር ይይዛል። ጎማ ላይ ሲጠቀለል የጎማው ጥርስ ይጠፋል። ያኔ ጎማው አዲስም ቢሆን ሊሾ ጎማ ነው።

ቤተ ዘመዱ ሁሉ አፉ ላይ ያለው ፕራዶ ነበር። «ቶዮታ እያለ ሱዙኪ ይገዛል እንዴ?» የሚል ብዙ ነው። የእህቴ ባል ልቡ ከመጀመሪያውም ፕራዶው ላይ ነው። እኔም ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፣ እንደሱ ነበርኩ። ፕራዶ ነድቼ አውቃለሁ። ጥሩ መኪና ነው። እህቴ ብቻ ናት «ቆይ፣ እኛ በሳምንት የምንሄደው እኮ ሁለት ሰው ነን» ያለችው።

እውነቷን እንደሆነ ለማየት አንድ ነገር ጠየቅኳት። «እታለም፣ ለአንድ ወር የሄዳችሁበትን ሁሉ ጻፊልኝ። ማን ሄደ? ስንት ኪሎ ጭነት ነበር? መንገዱ ምን ዓይነት ነው?» አልኳት። ደብተር ይዛ ጻፈች። በወሩ 11 ጉዞ ነበር። ከ11ዱ 8ቱ ላይ የሄዱት እሱ ብቻውን ወይም እሱና ረዳቱ ናቸው። ጭነቱ የክትባት ሳጥንና ጥቂት ካርቶን፤ አንድ ኩንታል አይሞላም። ሁለቱ ጉዞ ከሦስቱ ልጆች ጋር እማዬን ለመጠየቅ ነው። አንዱ ሸዋ ሮቢት ለሠርግ፣ ሰባት ሰው ሆነው። ሰዉ ሁሉ ሲያወራ የነበረው ስለዚህች አንዷ ጉዞ መሆኑን ያየሁት ደብተሩን ሳነብ ነው። ፕራዶ ይገዛ የሚለው ሁሉ በሠርግ ቀን ያለውን ቤተሰብ እያሰበ ነው። ሥራው ያለው ደግሞ በማክሰኞው ጭቃ ላይ ነው።

እኔም ያን ጊዜ ልቤ ተከፈለ። ግን ደብተር ብቻ አይበቃም። መኪኖቹን ማየት ነበረብን።

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በጥቅምት ሌሊቱ ውርጭ ነው። ይህ ለገዢ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሞተርን እንደ ደብረ ብርሃን ንጋት የሚፈትነው የለም። ለሁለቱም ሻጮች «ሞተሩን ሳታስነሱ ጠብቁን» ብለን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሄድን። መጀመሪያ የማደርገው እጄን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ከሞቀ ሰውየው ቀድሞ አስነስቶታል፤ የሚደብቀው አለ ማለት ነው። ሁለቱም ቀዝቃዛ ነበሩ። ለዚህ ሁለቱንም ሻጮች አመሰግናለሁ።

ቪታራው በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ፕራዶው ካንዴሌታው፣ ማለት የናፍጣ ሞተርን ለማስነሳት የሚያሞቀው፣ እስኪግል ትንሽ አስጠበቀንና ተነሳ። ነጭ ጭስ አወጣ፤ በደቂቃ ውስጥ ጠራ። ለናፍጣ በዚያ ብርድ ይህ ደህና ነው። ነጩ ጭስ ሞተሩ ሞቆም ባይጠራ ሕመም አለ፤ ሰማያዊ ሆኖ ቢቀጥል ደግሞ ዘይት ይበላል ማለት ነበር።

የፕራዶው ሞተር ዋንኬዜድ የሚባለው ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን አንድ የታወቀ ሕመም አለው። አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከሞቀ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን አስነሳነው። ውኃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። የላይኛውን ቱቦ በእጅ ጨበጥነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ቶሎ ከጠነከረ ያው ነው። የዘይት መሙያውን ክዳንም ከፈትን፤ ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል። አረፋ አላየንም። ወተትም የለም። ሆኖም አብረውን የመጡት መካኒክ ጎንበስ ብለው ብሎኖቹን አዩና ዝም አሉ። የምናከብራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። «ቴስታታው አንድ ጊዜ ወርዷል» አሉኝ። «ማን እንዳወረደው፣ ምን እንዳገኘበት አላውቅም። ደህና ተሠርቶ ከሆነ አሥር ዓመት ይሄዳል። ካልሆነ የጣርማበር ዳገት ላይ ታውቁታላችሁ።»

ሻጩን ጠየቅነው። እሱ ከገዛው ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን አያውቅም። አልዋሸንም ብዬ አምናለሁ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረም አያውቅም። የዚህ ሞተር ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ በገዛህ ዕለት መቀየር ነው። ቪታራውም ባለ ቺንጋ ነው። የእሱ ባለቤት ግን የጋራዥ ደረሰኝ አምጥቶ አሳየን። ወረቀቷ ዘይት ጠጥታ ልትቀደድ ደርሳለች፤ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ግን ይነበባል።

ቪታራውም ንጹሕ አይደለም። ከሥሩ ስንገባ የኋላው ሞላ መቀመጫ አካባቢ ዝገት አለ። በግራ በኩል በሩ ሥር በስቱኮ የተሞላ ቦታ አገኘን። ቻሲሱ ግን አልተበየደም፣ አልተጣመመም። ላሜራ ይቀጠቀጣል፣ ይቀባል። የተበየደ ቻሲስ ያለው መኪና ግን ዋጋው ቢወርድም አልገዛም።

ከዚያ ጣርማበር ሄድን። ነዳጁን እኛ ችለን፣ ባለቤቶቹም አብረውን። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበር ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ። ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ይህን ሁሉ ትወጣለህ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መኪና ለመሞከር ከዚህ የተሻለ ዳገት አላውቅም።

እዚህ ላይ ቪታራው ተሸነፈ። ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምጽፈው። ያ ትንሽ የቤንዚን ሞተር በዝቅተኛ ቦታ 95 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ጣርማበር ላይ ከሦስት እጅ አንዱ የለም ማለት ይቻላል። ከደብረ ሲና በላይ አራት ሰው ጭነን በሁለተኛ ማርሽ ነው የወጣነው። ሞተሩ ጮኸ፤ ግን አልሞቀም። ፕራዶው ቱርቦ ስላለው የሳሳውን አየር እየጨመቀ ያስገባል። በሦስተኛ ማርሽ እያወራን ወጣን። የእህቴ ባል አየኝ። ምንም አልተናገረም፤ ፊቱ ግን ይናገር ነበር።

ዋሻው አፍ ላይ ቆመን የሁለቱንም የሙቀት መርፌ አየን። ሁለቱም መሃል ላይ ናቸው። አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልኝ። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። መፍላቱን የሚያዘገየው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ይዘህ ጣርማበርን ከወጣህ ውኃው ይገነፍላል፤ ሞተሩ ታሞ ሳይሆን ክዳኑ ስለማይይዝ ነው። በትንሽ ገንዘብ የሚቀየር ክዳን ስንቱን ቴስታታ አስፈጅቷል።

ነዳጁን ጢም አድርገን ሞልተን፣ ተመልሰን እንደገና በመሙላት ለካን። ቪታራው በ100 ኪሎ ሜትር አሥር ሊትር ተኩል ያህል ቤንዚን ጠጣ። ፕራዶው ወደ አሥራ ሁለት ሊትር ተኩል ናፍጣ። ሰው እንደሚያወራው ልዩነቱ የሰማይና የምድር አይደለም። እንዲያውም ፕራዶው 90 ሊትር ይይዛል፤ ቪታራው 55 ነው። ነዳጅ በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ትልቅ ታንከር ትልቅ ነገር ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከነዳጁ ሌላ ነው። የፕራዶው ጎማ ባለ 16 ሰፊ ጎማ ነው። አንዱን የሚገዛው ብር ሁለት የቪታራ ጎማ ሊገዛ ምንም አይቀረው። አሞርዛተሩም፣ ኩሽኔታውም፣ የፍሪሲዮን ሸራውም እንደዚያው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጅሩ ወረድን። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ ነበር። ለእኛ የፈለግነው ነው። ከፒስታው ወርደን ወደ እማዬ ቤት በሚወስደው መንገድ ገባን። ቪታራው ቀደመ።

መቶ ሜትር ሳይሄድ ተያዘ።

ፎር ዊል ገብቷል። የኋላ ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፣ ጭቃ ይረጫሉ። መኪናው ንቅንቅ አይልም። ፕራዶው በጎኑ ገብቶ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለውን የመሃል ዲፈረንሻል ቆልፎ፣ እየተንሸራተተም ቢሆን አለፈ። የእህቴ ባል ከፕራዶው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «አለቀ!» አለ። ለእኔም ያለቀ መሰለኝ።

ግን አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። የቪታራው የፊት ጎማዎች ጨርሶ አይዞሩም። ፎር ዊል ገብቶ የፊት ጎማ የማይዞር ከሆነ ችግሩ የመኪናው ዓይነት ሳይሆን ብልሽት ነው። ቪታራ በአዘቦቱ በኋላ ጎማ ብቻ ይሄዳል። ፎር ዊል ስታስገባ የፊት ጎማዎቹን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ሃቡ ነው። አንዱ ሃብ ካልያዘ ኃይሉ ሁሉ ወደማይዘው ወገን ፈስሶ ይቀራል። ባለቤቱ ደነገጠ። ከተማ ውስጥ ብቻ ስለሚነዳው ለዓመታት ፎር ዊል አስገብቶ አያውቅም። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው። ፎር ዊል ተብሎ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ በመሃል የሚሞክረው የለም።

ቪታራውን አምስት የአገሬው ጎልማሶች ገፍተው አወጡት። ክብደቱ 1,200 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሰው ይገፋዋል። ይህንንም በልቤ ያዝኩ።

ፕራዶው ደግሞ ወደፊት ሄዶ ሌላ ነገር ገጠመው። እማዬ ቤት ልትደርስ 300 ሜትር ያህል ሲቀር መንገዱ በሁለት የድንጋይ ካብ መሃል ያልፋል። በዚያ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ፕራዶው ከቪታራው ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ይረዝማልም። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት አልን። በሦስተኛው የኋላው ተንሸራቶ ካቡን ነካ። ክብደቱ 1,800 ኪሎ ነው። አንዴ ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ባለቤቱ «በቃ፣ መኪናዬን አታጥፉብኝ» አለ። ልክ ነው። ቆመን በእግር ገባን።

እማዬ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ያቺ ትልቋ ምን ሆና ቀረች?» አለች። «አልታጠፍ አለች» አልኳት። ከሕክምና ስትመለስ ያንን 300 ሜትር በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጉልበት መሄድ አለባት ማለት ነው። ካቡን እናፍርሰው እንዳይባል የጎረቤት ማሳ ነው።

የቪታራው ባለቤት ሃቡን በራሱ ወጪ አሠርቶ በአራተኛው ቀን ደወለ። ተመልሰን ሄድን። መንገዱ አሁንም እርጥብ ነው። ፎር ዊል ሎው፣ ቀስ ብሎ ጉልበት የሚሰጠውን፣ አስገብቼ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳላበዛ ገባሁ። ጭቃ ላይ ትልቁ ጥፋት መቸኮል ነው። ጎማው ከተሽከረከረ መረሬው ይጠቀለልበታል፤ ከዚያ በኋላ አራቱም ጎማ ቢዞር ዋጋ የለውም። ቀስ ብሎ፣ ሳያቆሙ ነው። የተያዝንበትን ቦታ አለፍን። ካቡን አለፍን። እማዬ ደጃፍ ቆምን። እማዬ በሩን ከፈተች፣ ያለማንም እርዳታ ወጥታ ተቀመጠች። የወንበሩ ከፍታ ለጉልበቷ ልክ ነው። ፕራዶው ላይ ለመውጣት ግን በርጩማ ያስፈልጋት ነበር።

ማታ ቤት ተሰበሰብን። የእህቴ ባል አሁንም አልተረታም። የተናገረውም ቁም ነገር ነው። «ፕራዶ ነገ ልሽጠው ብል ገዢ አያጣም። ልጆቹ እያደጉ ነው። የጣርማበርን ዳገት አይታችኋል» አለ። ሁሉም እውነት ነው። እህቴ ግን አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ጻፈች። ፕራዶውን ከገዙ እጃቸው ላይ የሚቀረው የታይሚንግ ቺንጋውን ቀይሮ ያልቃል። ቪታራውን ከገዙ ቺንጋ፣ አራት ጎማ፣ አሞርዛተር ተቀይሮ፣ ለሱቁ ስድስት ወር የሚሆን መድኃኒት መግዣ ይተርፋል። «ያ ቴስታታ ነገ ቢሰነጠቅ በምን እናሠራዋለን?» አለችው። «ሱቁን ሸጠን?»

እኔን የረታኝ ይህ ነው። ያገለገለ መኪና ዋጋው ለሻጩ የምትከፍለው ብቻ አይደለም። ከከፈልክ በኋላ እጅህ ላይ የሚቀረውም የመኪናው አካል ነው። ፕራዶው ደህና መኪና ነበር፤ ከቪታራው የተሻለ መኪና ነው ብል አልሳሳትም። ለዚያ ቤት ግን አንድ ብልሽት ሥራቸውን ሊዘጋው ይችላል። የቪታራው ብልሽት ቢበዛ የአንድ ወር ገቢ ያስወጣል። መኪናው ደግሞ ሥራውን እንዲያግዝ ነው የሚገዛው።

እንዳልዘነጋው፣ ሌላም ነገር አለ። መንገዱ በማያስተማምንበት ጊዜ ትልቅ መኪና ዓይን ይስባል። ትንሽ አሮጌ ቪታራ የሐኪም መኪና ነች፤ ሰው ያውቃታል፣ ያሳልፋታል።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ሆኖም አልዘለልነውም። ሊብሬው ላይ ያለውን የቻሲስና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አስተያየን። እዳና እገዳ እንደሌለበት አጣራን። መኪናው በሻጩ ስም ነው፤ በውክልና ላይ ውክልና የተደራረበ መኪና ቢሆን አልነካም ነበር። ውሉን ተፈራርመን ስሙ እስኪዞር ድረስ ከገንዘቡ የተወሰነው ተያዘ። በሃቡና በዝገቱ ምክንያት ዋጋውም ትንሽ ወረደልን።

ከገዙ በኋላ የመጀመሪያው ወር የጋራዥ ወር ነበር። ደረሰኝ ቢኖርም ቺንጋውን ቀየርነው፤ ኪሎ ሜትሩ ደርሶ ነበር። አራት ጎማ፣ የኋላ አሞርዛተር፣ የራዲያተር ክዳን፣ የካምቢዮና የሁለቱም ዲፈረንሻል ዘይት። ደብረ ብርሃን ያልተገኘውን ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጣን። ዝገቱን አስፍቀን አስቀባነው። ለሚነዱት ሁሉ አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኩ። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አይገባም። የፊትና የኋላ ጎማ በመታጠፊያ ላይ እኩል አይዞሩም። ይህ መኪና ልዩነቱን የሚያቻችል የመሃል ዲፈረንሻል የለውም። ስለዚህ ውጥረቱ ዘንጉና ካምቢዮው ላይ ያርፋል፣ ይሰብረዋል። በወር አንድ ጊዜ ግን ጭቃ ወይም ልቅ ኮረኮንች ላይ አስገብቶ ማንቀሳቀስ ነው። አለዚያ ሃቡ ይደርቃል።

ይህን ስጽፍ አንድ ክረምት አልፏል። ሐምሌና ነሐሴን ቪታራዋ ጅሩ ተመላለሰች። አንድ ጊዜ ተይዛለች፤ ሐኪሙ ቸኩሎ ነው፣ ራሱም ያምናል። በአካባቢው ሰው ተገፍታ ወጣች። በክረምቱ አንድም ሳጥን ክትባት አልተበላሸም። እማዬ ከበሯ ተነስታ በሯ ላይ ትወርዳለች።

ያላማረንም አለ። ለፋሲካ ሰባት ሆነን ሸዋ ሮቢት ለመውረድ ሚኒባስ ተከራይተናል። ሦስቱ ልጆች ከእማዬ ጋር ከኋላ ሲቀመጡ ይጣበባሉ። ትልቁ ልጅ ጉልበቱ የፊት ወንበሩን ይነካል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አይችልም። ዕቃ መጫኛው ትንሽ ስለሆነ ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ አስገጠሙ። ጣሪያው ላይ ጭነት ሲወጣ ደግሞ መኪናዋ በመታጠፊያ ላይ ትዋዥቃለች፤ ቀላል ካርቶን ብቻ እንዲጫን ነግሬያቸዋለሁ። ከደብረ ሲና ሲወጡ አሁንም ሁለተኛ ማርሽ ነው። የእህቴ ባል ፕራዶ ባየ ቁጥር ዞሮ ያያል። አይፈረድበትም።

ባለፈው ወር ጎረቤታቸው መጥቶ «ለእኔም ቪታራ ፈልግልኝ» አለኝ። እሱ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የሚያመጣ ነጋዴ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጣርማበርን ይወጣል። ቤተሰቡ ስምንት ነው። ጭቃ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለውም። ገንዘቡም ከግዢው ተርፎ ለጥገና ይበቃል። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ቪታራ አይሆንም፤ ፕራዶ ነው የምንፈልገው» አልኩት። ግር አለው። እህቴን ቪታራ ያስገዛሁ እኔው ነኛ። ደብተሩን አውጥቼ የ11ዱን ጉዞ አሳየሁትና የራሱን እንዲጽፍ ነገርኩት።

ጽፎ አመጣ። እየፈለግን ነው። ባለፈው ቅዳሜ በንጋት አንድ ፕራዶ አይተን ነበር። ቀለሟ ያምራል፣ ዋጋዋም ደህና ነው። ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ሞቅ ብሏል። እስኪቀዘቅዝ እስከ አራት ሰዓት ጠበቅን። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ስናስነሳት አረፋው ፈልቶ ወጣ። አመስግነን ተመለስን።